አንድ ቀን በፈረስ ወደ መናገሻ ዱር

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ሳምንቱን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ ፋይል ሲያገላብጥና ደብዳቤ ሲመራ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ፣ የዕረፍት ቀን በደረሰ ጊዜ ከከተማው ጩኸት ወጣ ብሎ ንጹሕ አየር ለመተንፈስ ቢመኝ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ከዚህም ምኞት የተነሣ ብዙ ወዳጆቻችን በፈረስ ተቀምጦ በዱር ውስጥ አንድ ቀን ማሳለፍ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ይጠይቁናል። ጥያቄው ለመዝናናት ብቻ የሚቀርብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመለከተው ሁለት ታላላቅ የታሪክ ቅርሶችን አንድ ላይ ያመጣብናል። አንደኛው ፈረስ ነው፤ ሁለተኛው በሕግ የተጠበቀ ዱር ነው። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ አጠገብ ስለሚገኘው ስለ መናገሻ ሱባ የመንግሥት ደን፣ አባቶቻችንም የአንድ ቀን የፈረስ መንገድ እንዴት ያሰናዱ እንደ ነበረ፣ እኛስ ከእነርሱ ምን ልንማር እንደሚገባን ጥቂት እንነጋገራለን።

በመጀመሪያ ስለ ፈረሱ እንናገር። በአገራችን ታሪክ ፈረስ እንደ ማንኛውም የቤት እንስሳ ብቻ ተቆጥሮ አያውቅም። ታላላቅ ሰዎች በራሳቸው ስም ከመጠራት ይልቅ በፈረሳቸው ስም መጠራትን እንደ ክብር ይቈጥሩት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ማለት የተለመደ ነው። በቤተ መንግሥትም የንጉሡን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚጠብቀው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ሹመቱም ከተከበሩት ሹመቶች አንዱ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ፈረሰኛው ያደረገውን ተጋድሎ ለማስታወስ ሲሉ የሰባት ቤት አገው ሰዎች በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞች ማኅበር አቋቁመዋል፤ ይህም ማኅበር በአዊ ምድር በየዓመቱ በጥር ወር በታላቅ ሥነ ሥርዓት ይከበራል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንድትሉ ያስፈልጋል። ፈረስን ይህን ያህል ያከብሩ የነበሩት አባቶቻችን ረጅም መንገድ በፈረስ አይሄዱም ነበር። መኰንኑ ለመንገድ የሚቀመጠው በበቅሎ ነው፤ ፈረሱ ግን እንደ ተጫነ በአሽከር እየተሳበ ከበስተ ኋላው ወይም ከጐኑ ይከተል ነበር። በቅሎ ረጋ ያለች፣ እግሯም በገደልና በድንጋይ ላይ የማይስት ስለ ሆነች የመንገዱን ድካም ትሸከማለች፤ ፈረሱ ግን ጉልበቱ ሳይባክን፣ ጀርባው ሳይላጥ፣ ለጦር ወይም ለጉግስ በተፈለገበት ሰዓት ትኵስ ሆኖ ይገኛል። በልማድ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። አባቶቻችን ግን ፈረሱ ያደርስ ዘንድ አስቀድሞ የሚያርፍበትን ጊዜ ያስቡለት ነበር።

የመንገዱም ርቀት የሚቈጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ነበር። «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «የሁለት ቀን መንገድ» ሲባል ሰውም እንስሳም ሳይጐዳ የሚሄደውን ያህል ማለት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይጫናል፤ በማለዳው ብርድ ብዙው መንገድ ይሄዳል፤ ፀሐይ ስትበረታ ውኃና ሣር ካለበት ይታረፋል፤ ሳይመሽም ከሰፈሩበት ይገባል። ይህ ሥርዓት በአንድ ሰው ጥበብ የተገኘ አይደለም፤ በብዙ ትውልድ ልምድ፣ በብዙ እንስሳም ሞት የተገኘ ትምህርት ነው። እኛ ዛሬ አውቶሞቢላችንን ነዳጅ ሞልተን በፈለግነው ሰዓት ስለምንነሣ ይህን ትምህርት ረስተነዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ዱሩ እንመልከት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሰበታ በኩል ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝን በኋላ ከወጨጫ ተራራ ጐን ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በትውፊት እንደሚነገረው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ባዩት ጊዜ፣ በሸዋ ምሥራቅ በኩል ካለው ከወፍ ዋሻ ዱር የጥድ ዘር አስመጥተው እንዲተከል አዘዙ። ይህ ትውፊት እውነትነቱ እንደ ምን ይሁን፣ አንድ ቁም ነገር ግን ይዞ ይኖራል፤ ይኸውም ዱር የሚገኘው በአጋጣሚ ብቻ ሳይሆን በሰው አሳብና በትእዛዝም መሆኑን ሕዝቡ ያምን እንደ ነበረ ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ግን ከትውፊት ወጥቶ በግልጽ የሚታወቅ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆነው እንጨት በአካባቢው እያለቀ ሄደ። የእንጨቱ ችግር ይህን ያህል ጸንቶ ስለ ነበር ዐፄ ምኒልክ መናገሻ ከተማቸውን ትተው ዱር ወደ አለበት ወደ ምዕራብ ለመሄድ አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንላት ስፍራ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ አሳቡ በቀረ ጊዜም ያ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግና ሲቈረጥም መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ፣ ከተማይቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን ነገር አስተውሉ። አንድ መንግሥት በእንጨት እጦት ምክንያት ዋና ከተማውን እስከ መልቀቅ ደርሶ ነበር። በዚያው ዘመን ከከተማው በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ የመናገሻ ጥድ ቆሞ ነበር። የጥድ እንጨት ምስጥ የማይደፍረው፣ ለምሰሶና ለማገር የሚመረጥ፣ ለገበያም ዋጋ የሚያወጣ ነው። ዱሩ ቢቈረጥ የጥቂት ዓመት ችግር ባቃለለ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች ፈጽመው ሳያጠፉት ለእኛ አስተላልፈውልናል። ዐፄ ምኒልክ ዱር እንዳይጨፈጨፍ መከልከላቸው ይታወቃል። ከዚያም በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሰፋፊ ደኖች በመንግሥት እጅ ገቡ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ተቋቁሞ የመናገሻ ሱባን ደን ይጠብቃል። ሥርዓቱ ተለዋውጧል፤ ዱሩን የመጠበቅ አሳብ ግን ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ ኖሯል።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያደረገኝም እርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰባት የምንሆን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በአንድ የዕረፍት ቀን ፈረስ ተከራይተን ከከተማው ውጭ ወዳለ አንድ ዱር ለመሄድ ተስማማን። ስለ ምሳው ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ስለ ፈረሶቹ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልተነጋገርንም። ማልደን እንነሣለን ያልነው ከጧቱ አራት ሰዓት ሆነ። ባለፈረሶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲጠብቁን ስላገኘናቸው አፈርን፤ ዐፍረንም ስለ ቸኰልን ኮርቻውን ማንም ሳይመረምር ተቀመጥን። ከዚያም በዳገቱ ላይ ሽምጥ ለመጋለብ ተፎካከርን። ምሳ በልተን ተጫውተን ለመመለስ በተነሣን ጊዜ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቋ ተቃርባ ነበር።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከመካከላችን የአንዱ ፈረስ ደጋግሞ ቆመ። ባልደረባችን ግትር ፈረስ ነው ብሎ በአለንጋ መታው። መንደር ስንደርስ የፈረሱ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ምንም ሳይናገሩ ኮርቻውን ፈቱ። ከኮርቻው በታች የተነጠፈው ጨርቅ ተጣጥፎ ኖሮ የፈረሱ ጀርባ እንደ እጅ መዳፍ በሚያህል ስፍራ ተልጦ ደም ያዥ ነበር። ሁላችንም ዝም አልን። በመጨረሻም «አባባ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ካሣውን ይንገሩንና እንክፈል» አልናቸው። አዛውንቱም የፈረሱን አንገት እየደባበሱ «ልጆቼ፣ ገንዘብ ገብስ ይገዛል፤ ጀርባ ግን አይገዛም» አሉን።

እኛ ገንዘቡን ከፍለን ወደ ከተማ ተመለስን። እርሳቸው ግን በዚያ ፈረስ እህል ወደ ወፍጮ ያደርሱ፣ ወደ ገበያም ይሄዱ፣ በመንደራቸው ሰው ሲታመምም ሐኪም ወዳለበት ያመላልሱ ነበር። የተላጠ ጀርባ እስኪሽር ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የእኛ አንድ ቀን ደስታ ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ሳምንት ችግር ሆነ። በዚያ ቀን የበደለን ባለፈረስ አልነበረም፤ በዱሩም ውስጥ ያገኘን አደጋ አልነበረም። ጥፋቱ አስቀድሞ ካለማሰባችን የመጣ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን አሳቢ ያጣው እንስሳና ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስሕተትና ከአባቶቻችን ልማድ የተማርነውን አንድ በአንድ እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ፈቃድ ነው። ዱሩ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሕዝብ ሲሆን ጠባቂው መንግሥት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ የደኑን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ፈረስ በየትኛው መንገድ እንዲያልፍ እንደሚፈቀድ፣ መሪ ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የመግቢያው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ የመንገዱም ሰላም እንዴት እንደ ሆነ ሳትረዱ አትነሡ። የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደብዳቤ ሥራ እንደማይጀምር ሁሉ፣ ያለ ፈቃድም ዱር አይግባ።

ሁለተኛ፣ ወቅቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡ ስለሚበዛ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ የፈረሱ ሰኮናም መንገዱን እያረሰ ለጐርፍ ያጋልጠዋል። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ከጠና በኋላ ያሉት ወራት ይሻላሉ። ነገር ግን በበጋው ማብቂያ ዱሩ ስለሚደርቅ የእሳትን ነገር በብርቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ክብደት ነው። የደጋችን ፈረስ ብርቱ ቢሆንም ቁመቱ አጭር ነው፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። የፈረስ ባለሙያዎች እንደሚመክሩት ፈረስ የሚሸከመው ሰውና ኮርቻ በአንድነት ከራሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛው ባይበልጥ መልካም ነው። እንግዲህ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ማለት ነው። ከእኛ መካከል ከነኮርቻው 50 ኪሎ የሚመዝን ማን ነው? ስለዚህ ደንዳና የሆነ ሰው ደንዳናውን ፈረስ ይምረጥ፤ በዳገትና በቁልቁለት ሁላችን ወርደን በእግራችን እንሂድ፤ ዕቃችንንም ከኮርቻው ኋላ አንጫን። ክብደቱ የበዛ ሰው ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቢሄድ ክብሩ አይቀነስም፤ መኰንኖቹም ፈረሳቸውን እያስሳቡ በበቅሎ ይሄዱ እንደ ነበረ አይተናል።

አራተኛ፣ ምርመራ ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት ከባለፈረሱ ጋር ሆናችሁ ጀርባውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ቁስል ወይም እብጠት ካለበት ያ ፈረስ ይረፍ። አራቱንም ሰኮና አንሥታችሁ ድንጋይ እንዳልገባበት እዩ። የሚነጠፈው ጨርቅ እንዳይታጠፍ፣ የሆድ ጠፍሩም ሳይላላና ሳያንቅ እንዲታሰር አድርጉ። እርካቡ በቁመታችሁ ልክ ይሁን። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ቸል ቢባል ግን ምን እንደሚያስከትል ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

አምስተኛ፣ ሰዓት ነው። ፈረስ በሜዳ በእርምጃ ሲሄድ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዳገት ግን ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ አራት ሰዓት በፈረስ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ብቻ ያስብ። ከከተማ ከጧቱ 12 ሰዓት ብትነሡ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትቀመጡ፣ 5 ሰዓት ላይ ወርዳችሁ እስከ 7 ሰዓት ብታርፉ፣ 9 ሰዓትም ሳያልፍ ከተነሣችሁበት ብትመለሱ፣ ፈረሱም ሳይደክም እናንተም ሳይመሽባችሁ ትገባላችሁ። የቀረው ሰዓት ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ፤ በዱር ውስጥ ስልክ ሁልጊዜ ይሠራል ብላችሁ አትመኑ።

ስድስተኛ፣ ውኃና ምግብ ነው። የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ውኃ የት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለራሳችሁ ምሳ ስትይዙም ለፈረሱ ገብስ መያዝን አትርሱ። በዕረፍት ጊዜ የሆድ ጠፍሩን አላሉለት። ከለጋ ችግኝ ላይም አትሰሩት፤ ዛሬ በሰኮና የሚረገጠው ችግኝ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚቆመው ጥድ ነው።

ሰባተኛ፣ እሳት ነው። የጥድ ዱር ሲደርቅ እሳት ፈጥኖ ይይዘዋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና በተነሣው የሰደድ እሳት ከ100 ሺህ ሔክታር በላይ ዱር ጉዳት ደርሶበታል። ስለዚህ ቡናችሁን በቤታችሁ አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለም በዚያን ቀን ይታገሥ።

ይህን ሁሉ ሥርዓት ከጠበቃችሁ በኋላ ዱሩ የሚሰጣችሁ ዋጋ ታላቅ ነው። ከታች ጥዱንና ዝግባውን፣ ወይራውን ታገኛላችሁ። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ አያቶቻችን አበባውን ለመድኃኒት ይጠጡት የነበረውን ኮሶን ታያላችሁ። ከዚያም በላይ ብርዱ ሲጠና አስታው ይጀምራል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጭ ጠጕሩ እንደ ካባ ይዘረጋል። ዝም ብላችሁ ብትሄዱ በምኒልክ ስም የተሰየመውን ጥቁሩን ድኩላ ልታዩ ትችላላችሁ። የፈረስ ርምጃ ከሰው ድምፅ ይልቅ የዱር እንስሳትን አያስደነግጥምና፣ በፈረስ የሚሄድ ሰው በአውቶሞቢል የሚሄድ የማያየውን ብዙ ነገር ያያል።

ከዳገቱ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ሜዳው የታረሰ፣ ባሕር ዛፉም በየመንደሩ የተተከለ ሆኖ ይታያችኋል። በጀርባችሁ በኩል ደግሞ ጥንታዊው ዱር ይቆማል። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ይነሣል ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ያ ሜዳ ቀድሞ እንደ ምን ነበር? ይህስ ዱር እንዴት ቀረ? የሚል ነው። መልሱ በብዙ ሰዎች መታገሥ ነው። መቍረጥ ሲችሉ ያልቈረጡ፣ ማቃጠል ሲችሉ ያላቃጠሉ፣ ማንም ሳያመሰግናቸው በብርድ የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። የአንዳቸውም ስም በድንጋይ ላይ አልተጻፈም።

እኔ ራሴ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ወደዚያ መንደር ተመልሼ ሄጄ ነበር። አዛውንቱን አገኘኋቸው፤ የፈረሱ ጀርባ ድኖ ነበር፤ ነገር ግን ኮርቻው ባረፈበት ስፍራ ነጭ ጠጕር በቅሎበታል። እርሳቸው አልወቀሱኝም፤ እንጀራ አቅርበው አበሉኝ። እኔ ግን ያን ነጭ ምልክት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የዕረፍት ቀን ማሰናዳት ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ማንኛውንም ጉዞ ሳስብ በመጀመሪያ የምጠይቀው «እኔ ስደሰት የሚሸከመኝ ማን ነው?» ብዬ ነው።

እናንተም አንባቢዎች፣ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ወደ መናገሻ ዱር ለመሄድ ብታስቡ፣ ይህን ጥያቄ ከምሳው በፊት አንሡት። ከዚያ በኋላ ማልዳችሁ ተነሡ፤ ረጋ ብላችሁ ሂዱ፤ ፈረሱን እንዳገኛችሁት፣ ዱሩንም እንደ ተረከባችሁት መልሱ። በደኅና ሄዳችሁ በደኅና ግቡ።